ቅሬውና ባዶው ማቆያ

ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ የቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያቆለቁልበት አንድ ቀበሌ፣ ወላድ በቃሬዛ ላይ እንዳለች ከመንገድ ትቀር ነበር አሉ። ሰዉ መከረ። ድንጋይ ፈለጠ፣ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ሠራ። በምረቃው ቀን ተጨፈረ፤ በሪፖርቱም «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተባለ።

ክረምት ገባ፤ ማቆያው ባዶውን ከረመ። በሐምሌ አንዲት እናት ገደሉን ሳትሻገር ደም ፈሷት ሞተች።

ከቀብር መልስ የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ፣ «ቤት ሠርተንላቸው እምቢ አሉ» ብለው አዘኑ። አንዲት አሮጊት የልምድ አዋላጅ ተነሡ።

«እስቲ ከመጨረሻው እንጀምር። የምንሻው ምንድን ነው?»

«እናትም ልጅም እንዲተርፉ።»

«እንዲተርፉስ?»

«ከባለሙያ እጅ ትውለድ።»

«ከዚያ እንድትደርስስ?»

«ምጥ ሳይይዛት ማቆያው ትግባ።»

«እንድትገባስ?»

መልስ ጠፋ። «ላሟን ማን ያልባል? ልጆቿን ማን ያበላል? እሷስ እዚያ ምን ትቀምሳለች? ይህን መቼ ተነጋገርን?» አሉ አዋላጇ።

ቅሬው እዚያው ወሰነ፤ ለሐዘን የሚያዋጣውን እህል ለወላድም ያዋጣ ጀመር፣ ጎረቤት በተራ ቤቷን ጠበቀ። በከርሞው ክረምት ከማቆያው የገንፎ ሽታ ወጣ።

አዋላጇ ወደ ኋላ እየጠየቁ የዘረጉት መስመር፣ የጤና ዕቅድ ባለሙያዎች ሎጂክ ሞዴል የሚሉት ነው። ድንጋዩና ጉልበቱ ግብዓት፣ ግንባታው ተግባር፣ ቤቱ የተግባሩ ፍሬ ነው፤ እናቲቱ መግባቷ ለውጥ፣ በሕይወት መትረፏ ግብ ነው። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ቀስት ግን ግምት ነው። «ቤት ከተሠራ ትገባለች» የሚለው ግምት ስላልተጻፈ የጠየቀው አልነበረም።

በአገር አቀፍ ዕቅድም ነገሩ ያው ነው። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምራ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ስትመድብ፣ ትልቅ ነገር አድርጋለች። እነዚህ ሴቶች ግን የጎበኙትን ቤትና ያስቆፈሩትን መጸዳጃ ብቻ ቢጠየቁ ድካማቸው በከንቱ ይቀራል። የተቆፈረ መጸዳጃ ፍሬ ነው፤ ቤተሰቡ ሲጠቀምበትና እጁን ሲታጠብ ነው ለውጥ የሚባለው፤ የሕፃናት ተቅማጥ ሲቀንስ ነው ግቡ የሚደረሰው። ስለዚህ ወረዳው ሲያቅድ ግምቶቹን አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ሲገመግምም ከቆጠራው በፊት ስለ ግምቶቹ ይጠይቅ። መልሱን የሚያውቁት ደግሞ ላሟን የምታልበው እናትና ጎረቤቶቿ ናቸውና፣ ዕቅዱ ሲነደፍ ከጠረጴዛው ይቀመጡ።