ጋሪው አንድ ነው

ከገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች። ከገደሉ ሥር ወንዝ ይፈሳል፤ ከወንዙ በታች ደግሞ ከብት አርቢዎች ይኖራሉ። የከተማዋ ሰዎች ቆሻሻቸውን የሚደፉት ወደ ገደሉ ነው። አባቶቻቸውም እዚያው ይደፉ ነበር። የአባቶቻቸው ቆሻሻ ግን አመድ፣ ገለባ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የተሰበረ ገል ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር ግማሹ አፈር ይሆናል፣ ግማሹን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ልብ የሚለው አልነበረም። ፌስታልና ሃይላንድ ሲመጣም ሰዉ እጁ የለመደውን አደረገ።

አንድ ዓመት በታችኛው መንደር አንዲት የምትታለብ ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ባለቤቷ ሆዷን ቢከፍተው ሣር ይኖራል ካለበት ቦታ የተጠቀለለ ፌስታል አገኘ። ድቡልቡሉን በኬሻ ተሸክሞ ሽቅብ ወጣና ዋርካው ሥር፣ በከተማዋ ሽማግሌዎች ፊት አስቀመጠው። አልተሳደበም፤ ካሳም አልጠየቀም። «የእናንተ ነው፤ መለስኩላችሁ» ብሎ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ሽማግሌዎቹ እጅግ አፈሩ። መክረውም፣ «ሕዝቡ ባያውቅ ነው፤ የሚያስተምር ሰው እንጥራ» አሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ከዋናው ከተማ አንድ መምህር መጣ። አንደበተ ርቱዕ ነበር። ወንዙ ሲደርቅ፣ ዓሣው ሲያልቅ፣ የልጅ ልጅ የሚጠጣው ሲያጣ በቃሉ እየሣለ አሳያቸው። እናቶች አለቀሱ፤ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጣ። እንደዚያን ቀን ያለ ጽዳት በከተማዋ ታይቶ አያውቅም። ማታ ላይ ገበያው መሃል ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ክምር ቆመ፤ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ ተመለከተው። መምህሩ በጠዋቱ መኪና ሄዷል። አንድ ሰው፣ «አሁንስ የት እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። ክምሩ ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተ፣ ዝንብ ወረረው። በአራተኛው ሌሊት ገደል ገባ። ማን እንደደፋው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም።

ይህን መምህር ልወቅሰው አልፈልግም። ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ ያለቀሱትም ከልባቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የመጣችው መምህርት ብልህ ነበረች። «ማስፈራራት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሥራውን ማሳየት ያስፈልጋል» አለችና ትምህርት ቤት ገብታ ሦስት በርሜሎች ቀለም አስቀባች፤ አረንጓዴው ለሚበሰብሰው፣ ቢጫው ለፕላስቲክና ለቆርቆሮ፣ ቀዩ ለቀረው። ልጆቹን መዝሙር አስጠናቻቸው። ልጆቹ በተራቸው ቤት ገብተው እናቶቻቸውን አስጠኑ። ከሁሉም አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትብስ ነበር። የዘይት ጀሪካኑን በአመድ አጥባ፣ የሃይላንዱን ክዳን ነቅላ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ሁሉንም በየበርሜሉ ሳታስገባ ክፍል አትገባም።

አንድ ቀን ልጅቱ ማስታወሻዋን ረስታ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ባለጋሪው ደርሶ ነበር። አረንጓዴውን በርሜል ጋሪው ላይ ገለበጠ። ቢጫውን በላዩ ደፋበት። ቀዩን አስከተለ።

«ጋሼ፣ ለምን ይቀላቅሉታል?»

«ልጄ፣ ጋሪው አንድ ነው» አላት። «የምደፋበትም ያው አንድ ገደል ነው።»

ልጅቱ ጋሪውን ተከትላ እስከ አፋፉ ሄደች። እዚያ ኬሻ ያነገተ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጋሪው እንደተራገፈ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጠዋት እሷ ያጠበችውን ጀሪካን ከቡና አተላና ከወጥ ትራፊ መሃል መዝዞ አወጣ፤ በልብሱ ጠርጎ ኬሻው ውስጥ ከተተው። ልጅቱ ምንም ሳትል ቤቷ ገባች። ከማግስቱ ጀምሮ መለየቱን ተወች።

እናቷ፣ «ምነው? ሰነፍሽ እንዴ?» ብትላት፣ «እማዬ፣ ጋሪው አንድ ነው» አለቻት።

ይህች ቃል ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ዞረች። ወር ሳይሞላ ከሦስቱ በርሜሎች አንዱ የውኃ ማጠራቀሚያ ሆነ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የገቡበት ጠፋ። ይህ ከመጀመሪያው ዓመት የከፋ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሕዝቡ መፍትሔ አጥቶ ነበር፤ አሁን ግን የተታለለ መሰለው። ሌላ መምህር ቢመጣም ጆሮውን የሚሰጥ አይኖርም።

በሦስተኛው ዓመት ባለከብቱ ሌላ ድቡልቡል ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ለእንግዳ መምህር የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ ቢኖርም ማንን እንደሚጠሩ አያውቁም። ቡና ለማቀበል ከእናቷ ጋር የመጣችው ያቺው ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ገደሉ ላይ ያሉትን ሰውዬ ለምን አትጠይቋቸውም? እሳቸው እኮ እያንዳንዱን ያውቁታል» አለች።

ዝም አሉ። በዚያች ከተማ ያን ሰው ለምክር ቀርቶ ለቡና የጠራው አልነበረም። በር ላይ ሲደርስ ልጆች ይሸሹታል፤ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሆኖም የልጅ ቃል ሆነና ሰው ላኩበት።

ሰውዬው መጣ። ወንበር ቢሰጡት አልቀመጥም አለ። ተናገር ቢሉትም፣ «አባቶቼ፣ ንግግር አልችልም። ትላንት የጣላችሁትን ብታመጡልኝ ግን እነግራችኋለሁ» አላቸው።

አመጡለት። በተዘረጋው ቁርበት ላይ ደፋው፤ ጎንበስ ብሎም እህል እንደሚለቅም ሰው በእጁ ይለየው ጀመር። «ይህችን ሃይላንድ ቅዳሜ የሚመጣው ነጋዴ ይገዛኛል። ደረቅ ከሆነች ነው። ዘይት ከነካት ይመልስብኛል። ይህ ቆርቆሮ የቀጥቃጩ ነው፤ ቢዝግም ግድ የለውም። ካርቶኑን ደግሞ አምጣ ያለኝ አለ፤ ግን ተመልከቱት፣ የወጥ ትራፊ ስለተደፋበት አሁን አይሆንም። ከአሥር ካርቶን ስምንቱ እንዲህ ነው የሚደርሰኝ።» የተበላሸውን ካርቶን ለሽማግሌዎቹ አሳለፈላቸው፤ እጅ በእጅ ዞረ። «እኔ ሦስት በርሜል አልልም። እርጥቡን ከደረቁ ለዩልኝ። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ። እርጥቡንማ የጓሮ ጎመን ያላት ሴት ሁሉ ብታገኘው ደስታዋ ነው።»

ቁርበቱ ላይ አንድ ክምር ቀረ። ፌስታል ነበር። የተቀደደ፣ የተቋጠረ፣ ጭቃ የጠጣ።

«ይህን የሚወስድ ሰው አላገኘሁም» አለ። «ብዙ ጠይቄአለሁ። ወንዝ የሚወርደው ይኼ ነው።» ቀና ብሎም፣ «ይህን ወደ ከተማ የሚያስገባው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ለመክሰስ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ሁሉም እዚያ ወደ ነበረው ባለሱቅ ዞረ። ባለሱቁ ተቆጣ። «ታዲያ አልስጥ? ዘንቢል ይዞ የሚመጣ ማን አለ? ካልሰጠሁት ሌላ ሱቅ ይሄዳል» አለ። ሴቶቹም ተቆጡ። ሌላው ባለሱቅ ተነሣ። ስለ ሁለተኛ ጋሪ ነገር ተነሣ፤ ማን ይግዛ፣ አህያዋን ማን ይቀልብ፣ እርጥቡ የሚራገፈው ከማን ጓሮ ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተከራከሩ። በዚያ ቀን ያለቀሰም ያጨበጨበም አልነበረም። ሲመሽ ዕድሩ ለጋሪው ገንዘብ ሊያበድር፣ ባለሱቆቹም ዘንቢል ላልያዘ ሰው ፌስታል በነፃ ላይሰጡ ተስማሙ።

በቀጣዩ ክረምት ከታች አንድ ጥጃ ሞተ። የቆየ ፌስታል ከገደሉ ገና አላለቀም ነበር። ባለከብቱ ሆዱን ከፍቶ አየና ድቡልቡሉን ይዞ ሽቅብ ለመውጣት ተነሣ። መንገድ ላይ ሁለቱ ጋሪዎች ተከታትለው ሲያልፉ አየ፤ የኋለኛውን የሚነዳው ኬሻ ያነገተው ሰውዬ ነበር። ድቡልቡሉን ለእሱ ሰጠው፣ «የት እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ተመለሰ።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። የነገርኩት ግን ስለ እኛ ነው።

በአገራችን እያንዳንዱ አባወራና እማወራ እንደገና ሊሠራበት የሚችለውን ደረቅ ቆሻሻ ከሚወገደው ለይቶ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ እንዲያደርስ የሚያዝዝ ሕግ በ1999 ዓ.ም ወጥቷል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነው። ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታሎችንም የከለከለው ያው አዋጅ ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ ሕግ ጸድቋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች ተቋቁመዋል፣ የዓለም የአካባቢ ቀን ግንቦት 28 በየዓመቱ ይከበራል፣ ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ቲሸርት ይታደላል። እንግዲህ ለይቶ የማስቀመጥ ነገር ለከተማ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰዉ ሰምቷል። ብዙው ሞክሯልም። የለየውን የሚወስድለት ሁለተኛ ጋሪ በደጁ ሲያልፍ ያየ ግን ጥቂት ነው፤ ልጅቱ ያየችውን ያየው ብዙ ነው።

ማስተማሩ የከሸፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቆሻሻን በተመለከተ ሰውን የሚያሳምነው ከንግግር ይልቅ የዕቃው መሄጃ ነው። መሄጃ ሳያበጁ ለይ ብሎ ማስተማር ዝም ከማለት ይበልጥ ይጎዳል፤ ልጁን ካስተማሩት በኋላ ልፋቱ ከንቱ መሆኑን በዓይኑ ያሳዩታልና። እንዲያ ያየ ልጅ ሲያድግ ምን ዓይነት ጎረቤት፣ ምን ዓይነት ሹም እንደሚሆን ያሳስበኛል።

መሄጃውን የሚያውቁ ሰዎች የሉንም ማለት ግን አይቻልም። «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው፣ አሮጌ ልብስ በሳህንና በባልዲ የሚለውጠው ልዋጭ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ ከበርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከጣሳ ኩራዝ፣ ከጎማ በረባሶ የሚያወጣው ባለሙያ፣ እነዚህ ለረጅም ዘመን ሥራው ውስጥ የኖሩ ናቸው። የትኛው ፕላስቲክ ገዢ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው፣ ምን ሲነካው እንደሚበላሽ ከእነሱ ይበልጥ የሚያውቅ ባለሙያ አላየሁም። በትምህርት ቤቶቻችን መድረክ ላይ ግን አላየናቸውም።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ ስማቸውን የሰማነው በሞት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በአዲስ አበባ ረጲ የሚገኘው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተሸክሞ የኖረው ያ ክምር ከመሃላቸው እየለቀሙ ለሚኖሩት መተዳደሪያ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም ክረምት፣ እዚያው ረጲ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥልና ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ጣቢያ ተመረቀ። የከተማችን ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ልጣጭ፣ ትራፊ፣ አተላ። እርጥብ ቆሻሻ ከመንደዱ በፊት ውኃው መትነን አለበት፤ ከሚገኘው ሙቀት ከፊሉ በዚያ ያልቃል። ኬሻ ያነገተው ሰውዬ በተበላሸው ካርቶን ያሳየው ነገር፣ በሚሊዮኖች ዶላር በተገዛ ምድጃም ላይ ያው ሆኖ ይገኛል። እርጥቡ ከየቤቱ ካልተለየ ቁራሌውም ያጣል፣ ጣቢያውም ያጣል፣ የጓሮው ጎመንም ብስባሽ ያጣል።

ስለዚህ፣ ክበብ ለሚመሩ መምህራንና በየወረዳው የጽዳት ሥራ ለያዙ ኃላፊዎች የምጠይቀው አለ። በርሜል ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጋሪውን ተከተሉት። ከተማሪዎቹ ጋር ሂዱ። የት እንደሚራገፍ፣ ማን እንደሚገዛ፣ ምን ገዢ እንደሌለው ይጻፉ፤ ገዢ የሌለውን ለሚያመርተውና ለሚያስገባው ደብዳቤ ይጻፉለት፣ መልሱንም ክፍል ውስጥ ያንብቡት። አንድ ጋሪ ብቻ ካለ፣ ሁለተኛው እስኪገኝ የሚበሰብሰውን ብቻ ለይተው ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ ይህ የሚሆነው ዛሬውኑ ነው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለመጪው ግንቦት 28 ደግሞ በሰፈራችሁ የሚዞረውን ቁራሌው ከነኬሻው ጋብዙት፤ ካርቶን፣ ጠርሙስና ፌስታል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡለት፣ ልጆቹም ይጠይቁት። አበሉም ለሌላው ተናጋሪ የምትከፍሉት ያህል ይሁን።