ስለ ሻጭ ዝምታና ስለ ገዢ ዐይን

አንድ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ጉድለት እያወቀ፣ ገዢው ስላልጠየቀው ብቻ ዝም ቢል ዋሸ ይባላልን? ወይስ ከአፉ የሐሰት ቃል እስካልወጣ ድረስ ንጹሕ ነው? ይህ ጥያቄ ሰው መሸጥና መለወጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የኖረ ነው። እኛም ጥያቄውን በአየር ላይ አንጠልጥለን ከምንመረምረው ይልቅ በሚዳሰስ ነገር፣ ይኸውም ባገለገለ ሞተር ብስክሌትና በጎማው ላይ አሳርፈን ብንመለከተው ይሻላል።

ለፍጥነትም ለረጅም ጉዞም እንዲያገለግሉ ተብለው የሚሠሩ ታላላቅ ሞተር ብስክሌቶች አሉ። ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ ለገበያ ያቀረበው ኤፍ ጄ አር 1300 ከነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ዐይነቶች አንዱ ነዳጁና ዘይቱ ሲሞላ 290 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሁለት ሰዎችና ሻንጣቸው ሲጨመሩበት ደግሞ ከ450 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሁሉ ክብደት መሬትን የሚነካው ግን በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። መኪና ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ቢከዳው በሦስቱ ይቆም ይሆናል፤ ሞተር ብስክሌት ግን በመታጠፊያ ላይ ዘንበል ብሎ ሲሄድ አንዱ ጎማ ከከዳው ሌላ መደገፊያ የለውም።

የአዲሱ ዋጋ ከባድ ስለሆነ ብዙ ወጣቶች ያገለገለውን ይገዛሉ። ሻጩም ቀለሙን ወልውሎ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ «ብዙ አልተነዳም፤ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነው» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምስጋናው ራሱ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃልና፤ በአየርና በፀሐይ፣ በዘመንም ብዛት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ በጎኑም ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ጥርሱ ገና ጥልቅ መስሎ ሳለ አስፋልቱን የሚይዝበት ኀይል ደክሟል፤ ይልቁንም በዝናብና በብርድ ጊዜ።

በጀርመን አገር ሕጉ የጎማው ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዝዛል፤ የሞተር ብስክሌት ጎማ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ግን አይወስንም። እንግዲህ በዚያ አገር የሚኖር ሻጭ የ14 ዓመት ጎማ እንደ ተገጠመ፣ ሕጉ ስለ ዕድሜው ሳይጠይቀው፣ ሊሸጥ ይችላል። ሕግ ዝም ባለበት ስፍራ መናገር የሚገባው ኅሊና ነው።

ስለዚህ ነገር ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር አቅርቧል። አንድ ነጋዴ ረኀብ ወደ ገባባት ወደ ሮድስ ደሴት እህል ጭኖ ይመጣል፤ ሌሎች መርከቦችም እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይህን ለሕዝቡ ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎን ሰው ዲዮጋን፣ «ሕግ የሚያዘውን ጉድለት ይናገር፤ ከዚያ ወዲያ ካልዋሸ አይከሰስም» ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ሁሉ በአንድ ማኅበር የተሳሰረ ስለሆነ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢው እንዳያውቅ ማድረግ አይገባውም ይላል። ሲሴሮ ራሱ ከሁለተኛው ጋር ቆመ።

እኔም እንዲሁ አስባለሁ። ይሁን እንጂ የዲዮጋንን ሐሳብ ፈጽሞ መናቅ አይገባም። ሻጭ የልቡን ሁሉ ሊናዘዝ አይገደድም፤ ለምን ገንዘብ እንደ ቸገረው፣ እርሱስ በስንት እንደ ገዛው ባይናገር ማንንም አይበድልም። ጎማው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ገዢው ነፍሱን የሚያስደግፍበት ነውና። ሰው ሊወድቅበት የሚችለውን ጉድጓድ እያዩ ዝም ማለት ጉድጓዱን በቅጠል እንደ መሸፈን ይቈጠራል። ሻጩ «ብናገር ዋጋው ይወርድብኛል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በሁለት ጎማ ዋጋ ያህል ይወርድበታል። ይህ ተቈጥሮ የሚታወቅ ኪሳራ ነው፤ የሰው አጥንት ሲሰበር የሚደርሰውን ኪሳራ ግን ማን ይቈጥረዋል?

ደግሞም ዝም ያለ ሻጭ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ዓ.ም. ስላገለገሉ መኪናዎች ገበያ ባወጣው ጽሑፍ ይህን አስረድቷል፤ በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሦስት ሊቃውንትም አንዱ ሆኗል። ገዢ ደኅናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና ዕቃ ያለው ሰውም በዚያ ዋጋ ከመሸጥ ይቀራል፤ በገበያው የሚበዛው መጥፎው ይሆናል። ስለዚህ የአንዱ ዝምታ የእውነተኛውን ሻጭ እንጀራ ይወስዳል።

ወጣት ወዳጄ ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ሻጭ ነው፤ ገዢውስ? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷንና ሰኮናዋን እንደሚያይ፣ ሞተር ብስክሌት የሚገዛም ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማየት አለበት። የጎማ ዕድሜ ምስጢር አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ጋር በተጻፈው መስመር መጨረሻ አራት አኀዞች ይገኛሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህን ለማንበብ ገንዘብም ትምህርት ቤትም አያስፈልግም። ነገር ግን ዐይኑን የከፈተ ገዢ በዕውቀቱ ደግሞ እንዳይበድል ይጠንቀቅ፤ ምንም ያልሆነውን ጎማ «አልቋል» እያለ የማያውቀውን ሻጭ አስፈራርቶ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው ከዝምተኛው ሻጭ አይሻልም።

ከገዛም በኋላ አዲስ ጎማ ሲመርጥ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ለእሽቅድድም የተሠራውን ለስላሳ ጎማ ለመታየት ብሎ ይገዛል፤ እርሱም በረጅም መንገድ ፈጥኖ ያልቃል፤ ካልሞቀም በደንብ አይዝም። ሁለተኛው ሥሥት ነው፤ የኋላውን ብቻ ቀይሮ ያረጀውን የፊተኛ ይተዋል፤ ወይም ክብደቱን የማይችል ርካሽ ይገጥማል። ለዚህ ሞተር ብስክሌት በተመደበው የኋላ ጎማ ላይ 73 የሚል ቍጥር ይገኛል፤ ትርጉሙም እስከ 365 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ለረጅም ጉዞ ከሚሠሩት ጎማዎች ብዙዎቹ መካከላቸው ጠንካራ፣ ዳርና ዳራቸው ለስላሳ ነው፤ በቀጥታ መንገድ እንዳያልቁ፣ በመታጠፊያም እንዲይዙ። ልከኛ ሰው የሚመርጠው ለሚሄድበት መንገድ የሚስማማውን ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ራሱ ስለ ነጂው ብቻ አይደለም። ከኋላው እኅቱ ወይም ጓደኛው ይቀመጣሉ። እነርሱ የጎማውን ቍጥር አያነቡም፤ ወገቡን ይዘው ያምኑታል። በዚያች ሰዓት ትናንት ገዢ የነበረው ሰው በሻጩ ስፍራ ቆሟል፤ የሚያውቀው እርሱ፣ የሚያምኑት እነርሱ ናቸውና። የጎማውን ማርጀት እያወቀ «ውጡ፤ እንሂድ» ቢላቸው፣ በሻጩ ላይ የፈረደውን ፍርድ በራሱ ላይ ፈረደ። «አላየሁም» ቢልም አይድንም፤ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ይችል ነበርና።

እንግዲህ ሐቀኝነት አለመዋሸት ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው በእኛ ዕውቀት ላይ ነፍሱን ሲያሳርፍ የምናውቀውን መንገር፣ ያላወቅነውንም ጎንበስ ብለን ማየት ነው።