ከሩቅ አይቶ ስለ መፍረድ

አንድን ነገር ከሩቅ ያየ ሰው ስለዚያ ነገር ምን ያህል ሊናገር ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለዳኛና ለመምህር፥ ለነጋዴና ለቤት አባት ሁሉ በየቀኑ የሚቀርብ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፈዋል። የሰው ልጅ ማርስ የምትባለውን፥ በግእዝ የሐሳብ መጻሕፍትም መሪኅ የምትባለውን ፕላኔት ለማወቅ የደከመው ረጅም ድካም ይህን ጥያቄ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ ነውና፥ አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ ተናግረን ከዚያ ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለሳለን። ዘመኑም ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማርስ እንደ ምድራችን አለታማ ስትሆን የተከናነበችው አየር እጅግ ስስ ነው። በ1877 በሚላኖ ከተማ የነበረው ኢጣሊያዊ የከዋክብት መርማሪ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በመነጽር ሲመለከታት በፊቷ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየና ካናሊ ብሎ ጠራቸው። ይህ የኢጣሊያ ቃል ውኃ በተፈጥሮ የሚሄድበትንም፥ ሰው የቈፈረውንም ቦይ ሊያመለክት ይችላል፤ ወደ እንግሊዝኛ በተመለሰ ጊዜ ግን ሰው የቈፈረው የሚለው ትርጓሜ ገነነ። ከዚህ በኋላ አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 በአሪዞና የከዋክብት መመልከቻ ቤት አሠርቶ ብዙ ዓመት ማርስን ተመለከተ፤ ካርታዋንም ሣለ፤ በዚያም ጥበበኞች ፍጥረቶች እንደሚኖሩ፥ ከዋልታው በረዶ የሚቀልጠውንም ውኃ ወደ በረሓው ለመሳብ ቦይ እንደ ቈፈሩ በመጻሕፍቱ አስተማረ። ሎዌል ሰነፍም ውሸታምም አልነበረም፤ አየሁ ብሎ ያመነውን ነበር የተናገረው። ነገር ግን ዓይን ወደ ችሎታው ዳርቻ በደረሰ ጊዜ የተበታተነውን ጥላና ነጠብጣብ ራሱ እየገጣጠመ መስመር ያደርገዋል። እነዚያ መስመሮች የነበሩት በማርስ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ዘንድ ነበር።

በጁላይ 1965 ማሪነር 4 የተባለች የአሜሪካ መንኰራኵር በማርስ አጠገብ ስታልፍ 21 ፎቶግራፍና የ22ኛውን ጥቂት ክፍል አነሣች። ቦይም ከተማም አልተገኘም፤ የታየው እንደ ጨረቃ ፊት በክብ ጉድጓድ የተበሳሳ መሬት ነበረ፤ የአየሩም ግፊት የምድርን አየር አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ ሁኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ብዙዎች ማርስ እንደ ጨረቃ የሞተች ዓለም ናት ብለው ፈረዱ። ፎቶግራፎቹ እውነተኞች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ያሳዩት ከገጽዋ ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነበር። እንግዲህ የሎዌል ስሕተት የሌለውን ማየት ሲሆን፥ የኋለኞቹ ስሕተት ያዩትን ጥቂት እውነት ለሁሉ ምስክር ማድረግ ነበረ። ይህም ከፊተኛው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሐሰት ሲመረመር ይጋለጣል፥ ከፊል እውነት ግን በተመረመረ ቍጥር እውነት ሁኖ ስለሚገኝ ተናጋሪውን ያደፋፍረዋልና።

በኖቬምበር 14 ቀን 1971 ማሪነር 9 ማርስ ደርሳ ትዞራት ጀመረች፤ ከምድር ሌላ የሆነውን ፕላኔት በመዞር የመጀመሪያይቱ መንኰራኵር እርስዋ ናት። ነገር ግን በሴፕቴምበር የተነሣ የአቧራ ማዕበል ማርስን በሙሉ ሸፍኗት ስለ ነበረ፥ ከጥቂት ጥቋቍር ነጠብጣቦች በቀር የሚታይ አልነበረም። የሚመሯት ሰዎች ከምድር ሁነው ትእዛዟን ለወጡና አቧራው እስኪያርፍ ድረስ እንድትጠብቅ አደረጉ። ከእርስዋ ጥቂት ቀን ዘግይተው የደረሱት የሶቪየት መንኰራኵሮች ማርስ 2 እና ማርስ 3 ግን ሥራቸው አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ነበረ ሊጠብቁ አልቻሉም። ወደ መሬት የሰደዷቸው መሣሪያዎች በማዕበሉ መካከል ወረዱ፤ የፊተኛው ወድቆ ተሰበረ፤ ሁለተኛው በደኅና ካረፈ በኋላ መልእክት መላክ ጀምሮ 20 ሰከንድ ያህል ቈይቶ ዝም አለ። በላይ ሆነው የሚዞሩትም ከሥዕላቸው ብዙውን አቧራ በማንሣት ጨረሱት።

በ1972 መጀመሪያ አቧራው ሲረግፍ እነዚያ ጥቋቍር ነጠብጣቦች የታላላቅ እሳተ ገሞራዎች ራስ ሁነው ተገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ፥ ኦሊምፐስ ሞንስ የሚባለው፥ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ታላቅ ሸለቆም ታየ፤ ጥንት ውኃ እንደ ሄደባቸው የሚመሰክሩ ደረቅ የወንዝ መንገዶችም ታዩ። ማሪነር 9 በኦክቶበር 1972 ሥራዋን እስክትፈጽም ድረስ 7,329 ሥዕል ላከች። እንደ ጨረቃ የሞተች ናት የተባለችውም ዓለም ረጅም ታሪክ ያላት ሁና ተገኘች።

ምናልባት አንባቢ፥ «ሁሉ እስኪገለጥ መጠበቅ የሚገባ ከሆነ ዳኛ መቼ ይፈርዳል? አባትስ ልጁን መቼ ይገሥጻል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጠበቅ ማለት ሥራ መፍታት ቢሆን ኖሮ መልስ ባልተገኘለትም ነበር። ነገር ግን ማሪነር 9 በጠበቀችበት ወራት ሥራ አልፈታችም፤ መሬቱን ማየት ብትከለከል የአየሩን ሙቀትና የአቧራውን ጠባይ ትለካ ነበር። ስለዚህ የዛሬን ሥራና የመጨረሻን ፍርድ ለይተን ማየት ይገባናል። ለዛሬ የሚያስፈልገውን ሥራ በዛሬ እውቀታችን መሥራት ግዴታ ነው፤ በዛሬ እውቀታችን የሰውን ነገር ለዘለዓለም መዝጋት ግን ትዕቢት ነው። መልካም ዳኛም ምስክር ሰምቶ ይፈርዳል እንጂ ይግባኝን አይከለክልም።

የተሻለ ዓይን ያለውም ቢሆን ከዚህ ሕግ ነጻ አይወጣም። ከ2006 ጀምሮ ማርስን የዞረች አንዲት የአሜሪካ መንኰራኵር ከ250 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ሁና አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር ለይታ ታሳያለች። በእርስዋም ሥዕሎች በሙቀት ወራት በገደሎች ላይ እየረዘሙ የሚወርዱ ጥቋቍር መስመሮች ታዩ፤ በ2015 ጨዋማ ውኃ የሚፈስባቸው ናቸው ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ2017 ግን የገደሎቹ ዘቅዛቃነት ተለክቶ፥ መስመሮቹ የሚያበቁት ደረቅ አሸዋ ሲንሸራተት በሚቆምበት ልክ ላይ መሆኑ ታየና፥ የሚወርደው አሸዋ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሊቃውንቱ የቀድሞ ቃላቸው እንዲመረመር መፍቀዳቸው ክብራቸውን አልቀነሰውም፤ ቃላቸው እንዲታመን አደረገ እንጂ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለስ። ሎዌል ስለ ማርስ ቢሳሳት ማርስ አንዳች አልጐደለባትም፤ ቦይ አለሽ ቢሏት አልተደሰተችም፥ ሞተሻል ቢሏትም አላዘነችም። ስለ ሰው በችኰላ የተነገረ ቃል ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ቀን ሲቈጣ ታይቶ ቍጡ ነው ይባላል፤ አንድ ጊዜ ሳይሰጥ ታይቶ ንፉግ ነው ይባላል፤ ይህም ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንጀራውን ይቈርጥበታል፥ ልጆቹንም ያሳፍርበታል። የታየው ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰውየው ዕድሜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሆንም። ያንጊዜም በኀዘን ወይም በችግር አቧራ ተሸፍኖ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ደግሞም ሌላ ልዩነት አለ። ማርስ ትጠየቅ ዘንድ አፍ የላትም፤ ስለዚህ ሊቃውንት ከሩቅ ሁነው፥ ብዙ ገንዘብ አውጥተው፥ ለዓመታት በዙሪያዋ ከመዞር በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ሰው ግን አፍ አለው፤ ቤቱም ቅርብ ነው። ጎረቤቱን በዙሪያው እየዞረ የሚሰልል፥ ከደጁ ገብቶ ግን «ወንድሜ፥ ምን አግኝቶህ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው፥ ሎዌል ከያዘው መነጽር የደከመ መነጽር ይዞ ከሎዌል ይልቅ በድፍረት ይፈርዳል። ሎዌል ወደ ማርስ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረው ምክንያት አለው፤ መንገድ እያለው ያልሄደ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሰው የተነገረ ክፉ ወሬ ወደ ጆሮህ በደረሰ ጊዜ ሦስት ነገር መርምር፤ ተናጋሪው ያየው ምን ያህሉን ነው? በዚያን ጊዜ አቧራ አልነበረምን? መስመሩስ በሰውየው ላይ ነው ወይስ በተመልካቹ ዓይን? ይህን መርምረህ መልስ ካጣህ፥ ለዛሬ የሚያስፈልገውን ሥራ ሥራ፤ የቀረውን ግን ከሰውየው አፍ እስክትሰማ ድረስ ፍርድህን ጠብቀው።