የሰው በረንዳ

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን፣ የኔን ሐሳብ በወረቀት ላድርሰው ብዬ ነው። ክርክሩ ይሄ ነበር፦ የራስሽ ያልሆነን ቤት፣ ነገ ውጪ ብትባይ የምትወጪበትን ቤት፣ ከታዘዝሽው በላይ ማሳመር ጥሩነት ነው ወይስ ሞኝነት? ሞኝነት ነው ያለችው ጓደኛዬ እኔን እያየች ነው ያለችው። እውነቷን ነው፣ ነገሩ እኔን ይመለከታል።

ቤይሩት አሽረፊዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ በረንዳው ላይ የነበረው የተሰበረ ወንበር፣ የልብስ ማስጫ፣ ባዶ የቅቤ ቆርቆሮዎችና በትልቅ ገንዳ ውስጥ የደረቀ ጃስሚን ነው። ማንም ትከይ አላለኝም። እኔም አትክልተኛ አይደለሁም። አገር ቤት ጓሮው የእናቴ ነበር፤ የኔ ድርሻ ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ቀንጥሼ መምጣት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጃስሚኑን ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። የካቲት ላይ አንድ ክንድ ያህል ትቼ ቆረጥኩት። ማዳም ስታይ ጮኸች። ሚያዝያ ላይ አቆጠቆጠ፣ እሷም ዝም አለች። ከዚያ ቆርቆሮዎቹን ከታች በምስማር በሳሁና (ሳልበሳ የተከልኩት የመጀመሪያው ናና ሥሩ በስብሶ ሞቶብኛል) ከጎረቤት የተቀነጠሰ ጀራንየም፣ እነሱ ሐበቅ የሚሉትን በሶብላ፣ ናና እያልኩ ሞላሁት። ጤና አዳሙን አንዲት እህታችን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የሰጠችኝ ቅርንጫፍ ነው። የታችኛውን ቅጠል ገፍፌ አፈር ውስጥ ወጋሁት፣ ያዘ። እዚህ አገር በጋ ላይ ዝናብ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በቦቴ እየተገዛ ነው። ስለዚህ የማጠጣው ሰላጣና ፓርስሊ ያጠብኩበትን ውሃ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ሲፈነዳ የበረንዳው መስታወት ረግፎ አፈሩ ውስጥ ገባ። ከየቆርቆሮው ስብርባሪ ስለቅም ስንት ቀን እንደፈጀብኝ እንጃ። ስጨርስ ሃያ ሦስት ተክል ቆጠርኩ።

ለማዳም ብዬ ነበር እንዴ? አልነበረም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ ስሜን ማንም የማይጠራበት ግማሽ ሰዓት ነበረችኝ። እሷን ነው የተከልኩት። ማዳም በረንዳዋ አምሮላት እንግዳ መጋበዝ ስትጀምር ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ይሄን ስናገር ነው ጓደኛዬ የምትስቀው።

እሁድ ዕለት አንዱ ወንድማችን ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከውን ደብዳቤ ጠቀሰልን። እዚያው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ብሏቸዋል አለ። ልክ ነው ብሏቸዋል። ግን ወንድሜ፣ እነሱ ከተከሉት እንዲበሉ ነው የተነገራቸው። ቤቱም የሚሠሩት ለራሳቸው ነው። ደብዳቤው በሰው በረንዳ ላይ ስለተከለች ሴት የሚለው ነገር የለም፤ እሱን እዚሁ እርስ በርሳችን መነጋገር ሳይኖርብን አይቀርም።

አሁን እሁድ ዕለት ያልተናገርኩትን ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ከዚያ ቤት ወጣሁ፤ ሊራው ከወደቀ ወዲህ ደመወዙ ሲቆራረጥ ኖሮ በመጨረሻ በስምምነት ተለያየን። በኔ ቦታ የገባችው ያገራችን ልጅ ናት። በሦስተኛው ወር ስልኬን ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ደወለች። «እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ቆርቆሮ አንቺ ነሽ የሰበሰብሽው?» አለችኝ። በኩራት አዎ አልኩ። «እጄን አቃጠለኝ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ማዳም ጤና አዳሙ በዝቷል ከርክሚው ብላት፣ በቀትር ፀሐይ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ከርክማዋለች። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ያስቋጥራል፣ እንደ እሳት ነው። እኔ ሁሌም በጠዋትና በጓንት ስለምነካው ደርሶብኝ አያውቅም፤ ጽፌም አልተውኩላት። ይሄ አንድ ጥፋቴ ነው። የባሰው ግን ቀጥሎ ያለችኝ ነው። ሃያ ሦስቱን ተክል ስትንከባከብ ከእንቅልፏ ላይ ነው። ማዳምን ይሄ ሥራ በዛብኝ ብትላት የተሰጣት መልስ፦ «ከአንቺ በፊት የነበረችው ሳትታዘዝ፣ በፍቅር ነበር የምትሠራው።»

እስቲ አስቡት። የኔ ግማሽ ሰዓት ለሷ ግዴታ ሆና ጠበቀቻት። ጓደኛዬ ሞኝነት ስትል ይሄን ታሪክ አታውቅም ነበር፣ ቢሆንም በአንድ በኩል ደርሳበታለች፦ እኔ በነፃ የሰጠሁት ለኔ ብቻ ተቆጥሮ አልቀረም።

ታዲያ ገና ከመጀመሪያው «ይሄ ሥራ ነው፣ ይከፈለኝ» ማለት ነበረብኝ? ብዙ አስቤበታለሁ። ብል ኖሮ ያቺ ግማሽ ሰዓት ያኔውኑ የማዳም ትሆን ነበር፤ የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይተከል እሷ ትወስናለች። ባለማለቴ ደግሞ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፈለ። ሁለቱንም በሚዛን ሳስቀምጥ የልጅቷ እጅ ይከብድብኛል። ስለዚህ አለመትከል ነበረብኝ ማለት ግን አልቻልኩም፤ እዋሻለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ሄድኩ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ቡና አፍልታ ነው የተቀበለችኝ። የልጅቷን እጅ አሳየኋት፣ ይሄ ሁሉ ተክል የአንድ ሰው ሥራ እንደሆነና እኔ ያኔ ስላልተናገርኩ እንዳልመሰላት ነገርኳት። ትንሽ አኮረፈች። ቆይታ «እንግዲያው አንቺ የተከልሽውን ውሰጂ፤ ቆርቆሮዎቹ ግን የኔ ናቸው» አለች። ሳቄ መጣ። ሕጓን ሳስበው ግን እኔ ብጠየቅም ከዚያ የተሻለ አልፈርድም ነበር። ጃስሚኑ ቀድሞም የሷ ነው፤ እሱንና ልጅቷ ለሻይ የምትወዳትን አንድ ናና ተውኩ። ሌላውን ከነሥሩ እየነቀልኩ በፌስታል ሞላሁ፣ ጤና አዳሙን በጓንት። ልጅቷ በሩን ይዛ ቆማ «ጎሽ፣ ውሰጂልኝ» ነው ያለችኝ። በሰርቪስ ታክሲ ስመለስ ሹፌሩ ሽታው ራሴን አመመኝ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ።

ግማሹ መንገድ ላይ ሞተ። የቀረው አሁን ከአራት ልጆች ጋር የምከራየው ክፍል ደጃፍ ላይ፣ በቀለም ባልዲ ነው ያለው። ደጃፉ የአከራያችን ነው። ሰውየው ባለፈው ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና «ቤቱ አማረ» አለ፤ እኔም የኪራዩን ቀን አስቤ ደነገጥኩ። ሞኝነት ነው ያለችው ጓደኛዬ እሁድ እሁድ ቡናው ሲፈላ ወጥታ፣ በጓንት ስላት እየተቆጣች፣ ከዚያው ባልዲ ትቀነጥሳለች።