ያለ መብት የተያዘ ምድርና የያዢው ኃላፊነት

አንድ መንግሥት የሌላውን ሕዝብ ምድር በጦር ኃይል ይዞ ሲያስተዳድር፣ ይዞታው ሕገ ወጥ ከሆነ በዚያ ምድር ላይ የሚፈጽመው ሁሉ በሕግ ፊት እንዳልተደረገ ይቆጠራል ወይ? ከተቆጠረስ፣ ላልተደረገ ነገር ማን ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ ወደ ፍልስፍና ያዘነበለ ቢመስልም፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ስለ ናሚቢያ አስተያየቱን በሰጠበት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሊያልፈው አልቻለም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን አገር በ1915 ከጀርመን እጅ በጦር ወስዳ፣ በኋላም ከመንግሥታት ማኅበር በሞግዚትነት፣ ማለትም ለነዋሪው ጥቅም እንድታስተዳድረው በአደራ፣ ተቀብላው ነበር። የማኅበሩ አባላት የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አደራውን አጉድላ አፓርታይድን ዘርግታለች ሲሉ በ1960 ከሰሷት፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1966 ድምፁ ሰባት ለሰባት ቢከፈል በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ብሎ ክሱን ዘጋው። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ በዋናው ነገር ላይ ፍርድ መንፈግ ለፍትሕ የሚያሳፍር ነበር። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሞግዚትነቱን ሻረ፤ ደቡብ አፍሪካ ግን አልወጣችም።

በ1971 ፍርድ ቤቱ ይዞታው ሕገ ወጥ ስለሆነ ደቡብ አፍሪካ ወዲያው እንድትለቅ፣ ሌሎች መንግሥታትም ለይዞታው ዕውቅና እንዳይሰጡ አስታወቀ። ከዚህ የሚጠልቀው ግን ኃላፊነት የሚመነጨው ከባለቤትነት መብት ሳይሆን ምድሩን በእጅ ከማድረግ ነው ማለቱ ነው፤ በዚህም «አገሩ የእኔ አይደለምና አልጠየቅም» ማለት ለያዢው መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ። ዕውቅና መንፈግም ወራሪውን እንጂ ነዋሪውን እንዳይቀጣ፣ የሕገ ወጡ አስተዳደር ጸሐፊ የመዘገበው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የጸና ይሆናል ተባለ፤ የልደት ወረቀቱ ዋጋ ቢያጣ የሚጎዳው ማኅተሙን ያሳረፈው ሹም ሳይሆን ሕፃኑ ነውና። የዚህ አስተያየት ፍትሕ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር በራሷ ላይ ደርሶ አይታዋለች። ብሪታንያን ጨምሮ ኃያላን መንግሥታት በ1930ዎቹ ለኢጣሊያ ይዞታ ዕውቅና ሰጥተው ነበር፤ ያ ዕውቅና በወረራው ላይ የተጨመረ ሌላ በደል ነው። ሆኖም በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ የምትጠየቅበትን ዘመን የጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተነሣበት ቀን ሳይሆን፣ ሠራዊቷ መረብን ከተሻገረበት ከጥቅምት 3 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በመካከሉ የተሰጠው ዕውቅና ሁሉ ከዚያ ኃላፊነት አንዲት ቀን አላስቀነሰም። ካሳው ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ በኢትዮጵያ የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለተጀመረው ጭፍጨፋ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። መንግሥት ካሳ መክፈሉ ያዘዘውን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ እንደማያወጣ መርሑ ቢታወቅም፣ በዚህ ጉዳይ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል።