ልጅ በጠየቀ ጊዜ



ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ «ልጄ በስልክ አይታኝ ማን ናት አለች» ብላ ያለቀሰችውን እኅታችንን ሁላችንም አይተናታል። እኔ ቃል አጥቼ፣ እጇን ብቻ ይዤ ተለያየን። ያን ዕለት ልነግራት የሚገባኝን ዛሬ በዚች ወረቀታችን ላይ እጽፈዋለሁ፤ ለእሷም ለሁላችንም ይሆናል።

ነገሩ በ2010 ዓ.ም. ነው። በምሠራበት ቤት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የረመዳን ወር ነበርና ማዳም ስለ ዒድ የሚናገር የሥዕል መጽሐፍ ገዛችላት። ማታ ማታ ሳስተኛት «አንብቢልኝ» ትለኛለች። እኔ ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ ፊደሉን አላነብም። ቢሆንም ሥዕሉን እያየሁ እተርክላታለሁ፤ ጨረቃዋ ስትታይ፣ አያትየው ማዕሙሉን ቴምር ሞልታ በእንጨቱ ቅርጽ ስታስይዝ፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው ከትልልቆቹ የዒድ ገንዘብ ሲቀበሉ። አንድ ማታ መጽሐፉን ዘጋችና «ያንቺስ ዒድ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ! አፌ ተከፈተ። ስለ ሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም፣ ስለ ትንሣኤ ሌሊት፣ ስለ ድፎ ዳቦው፣ ስለ ገና ጨዋታ፣ ስለ ደመራው አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን? ከሁለት ወር በፊት፣ በፋሲካ ዕለት ደውዬ የገዛ ልጄን «ፋሲካ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብያት ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው። «አዎ፣ አንቺ ብር የምትልኪበት ቀን ነው» አለችኝ። ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ። በዚያ ሌሊት ግን ቃሏ እንደ መርፌ ወጋኝ። ለሰው ልጅ በዓላችንን ስተርክ አምሽቼ ለራሴ ልጅ የላክሁት ብሩን ብቻ ነው።

ተነሥቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ዘጸአት 12 ከቁጥር 26 ጀምሮ እዩት። እግዚአብሔር የፋሲካን ሥርዓት ለእስራኤል ሲሰጥ፣ ልጆች ይህ ነገር ምን ማለት ነው ብለው እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ያውቃል። ወላጅም መልስ ይዞ እንዲቆይ ያዝዛል። መልሱ ደግሞ የምግብ ዝርዝር አይደለም። ጌታ በግብፅ ቤታችንን እንዴት እንዳዳነ ነው። በኢያሱ 4ም እንዲሁ ነው። ከዮርዳኖስ መካከል 12 ድንጋይ ወጥቶ በጌልገላ ቆመ፤ ነገ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ። ድንጋይ አይናገርም፤ ልጅን ግን ያስጠይቃል።

የሥዕል መጽሐፍም ሥራው ይኸው ነው ወገኖቼ። ልጅ ጣቷን አስቀምጣ «ይሄ ምንድን ነው?» እንድትል ያደርጋል። የሚመልስላት ሰው አጠገቧ ከሌለ ግን ወረቀት ብቻ ነው።

የእኛ ቁስል እዚህ ላይ ነው። ዘዳግም 6 ቃሉን ለልጆችህ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛም ስትነሣም አስተምር ይላል። እኛ ከልጆቻችን ጋር አንቀመጥም፣ አብረን አንሄድም፣ አብረን አንተኛም። ታዲያ ትእዛዙ እኛን አይመለከትም ማለት ነው? አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1 ቁጥር 5 ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲጽፍ አስቀድሞ የሚያነሣው አያቱን ነው፤ ከዚያ እናቱን። ጌታ ልጆቻችንን ከአያቶቻቸው ጋር ሲያስቀምጥ ያለ አስተማሪ አልተዋቸውም።

እኔም ማዳምን አስፈቅጄ ከልጅቷ የተረፈውን ባለቀለም እርሳስ ወሰድኩ፤ አንድ ደብተርም ገዛሁ። ሠዓሊ አይደለሁም። ግን ትዝ አለኝ፤ በልጅነታችን ቤታችን የሥዕል መጽሐፍ አልነበረም እንጂ በእንቁጣጣሽ ጧት ወንዶቹ አበባና መላእክት በወረቀት ሥለው በየቤቱ ይዞሩ ነበር፣ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ ስንጫወት። በዓልን በሥዕል መናገር ለእኛ አዲስ አይደለም! እንቁጣጣሽን ከአደይ አበባዋ ጋር፣ ደመራውን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ቡሄን ከነሙልሙሉ ሣልኩ። በየሥዕሉ ሥር ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱ ቤታችን የሚደረገውን፣ ሁለተኛው ጌታ ያደረገልንን። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩና «አያትሽን ጠይቂያት» አልኩ። ለቡሄ ለምሳሌ «ችቦ ለምን ይበራል?» ብዬ ነበር፤ እናቴ የጌታ ክብር በደብረ ታቦር መገለጡን እንድትነግራት።

ወደ አገር የምትገባ እኅት በሻንጣዋ ወሰደችልኝ፤ ለ2011 እንቁጣጣሽ ደረሰ። እናቴ ስትደውል ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «አንቺ! የዶሮ ብልት 12 መሆኑን ረሳሽው? ዘጠኝ ሥለሻል፣ ልጅሽ ቆጥራ ያዘችሽ!» አለችኝ። ሳቅኩም አለቀስኩም። ለካ ማታ ማታ ደብተሩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እናቴም እኔ የማላውቀውን ትጨምርበታለች።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደብተር እናት አይሆንም። ልጄ ገጹን ሁሉ አይታ «አንቺ የታለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ራሴን የትም ቦታ አልሣልኩም! በሁለተኛው ደብተር ራሴን ሣልኩ። ከበዓሉ ገበታ ላይ አይደለም፤ ልጅን መዋሸት አልፈለግሁም። እዚሁ በወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ለእሷ ስጸልይ ሣልኩት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ብር አትላኩ አላልኩም። ብሩ ዶሮውን ይገዛል፤ የበዓሉን ትርጉም ግን እኛ ካልነገርን ከየት ይገዛል? ልጅ የሌላችሁ ለእኅትና ለወንድም ልጅ ሥሩ። ፊደል ያልቆጠርሽም አትፈሪ፤ አንቺ ሣዪ፣ ሌላዋ ትጻፍልሽ። በየቤተ ክርስቲያኑ ያደግን ብንሆንም እናቶቻችን የነገሩን ጌታ አንድ ነው። የፊታችን እሑድ እኔ እርሳስ ይዤ እመጣለሁ።

አንቺም ያለቀስሽው እኅቴ፣ ልጅሽ ፊትሽን ብትረሳ ማን ናት ብላ መጠየቋ መልካም ነው። ጥያቄዋ ክፍት ነው፤ መልሱን ላኪላት።

በልጆቻችን ፊት ስማችንን የሚጠብቅ ጌታ፣ እኛንም ለአገራችን ያብቃን። አሜን። ተባረኩ።