መኪና በመኪና ሲለወጥ

ደህና የምትሠራና ዕድሜዋ ያልገፋ ኮሮላ ያለው ሰው፣ በዕድሜ የምትበልጣትንና እጥፍ ኪሎ ሜትር የሄደችውን መርሴዲስ በለውጥ ሊወስድ ሲያስብ፣ ወዳጅ ዘመድ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ለታይታ ነው ብሎ ነው። ጥርጣሬው ቦታ ቢኖረውም ብዙ አያራምድም። ምቹ ወንበርና ድምፅ የማያሰማ ሞተር መውደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የሰውን ልብ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚመዝን የለም። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለዋጭ የገዛ መኪናውን ነውር ምን ያህል የመናገር ግዴታ አለበት? ይህ ግዴታ በለውጥ ጊዜ ከተራ ሽያጭ ይልቅ ይጠብቃል ባይ ነኝ።

የሮም የሕግ ሊቃውንት ልውውጥ ሽያጭ ነው ወይስ አይደለም በሚል በሁለት ጎራ ተከፍለው ተከራክረዋል። የሳቢኑስ ወገኖች ሽያጭ ነው ሲሉ የፕሮኩሉስ ወገኖች አይደለም አሉ፤ ዕቃ በዕቃ ሲለወጥ ሻጩና ገዥው አይለይም የሚል ነበር ምክንያታቸው። የኋለኞቹ ረቱ። ለሕግ ጉዳዩ የምደባ ነገር ነበር፤ ለኅሊና ግን ከዚያ ይበልጣል። ብር ተቀብሎ የሚሸጥ ሰው «ገዥ ዓይኑን ይክፈት» ብሎ ራሱን ሊያሳርፍ ይችላል፤ በእጁ የሚገባው ብር የተደበቀ ነውር የለበትምና። ለዋጭ ግን «ካምቢዮው እንዴት ነው?» ብሎ በጠየቀበት አፍ ስለ ራሱ መኪና ዝም ሊል ነው። የእሱ ዝምታ ቅን ከሆነ የሌላውም ቅን ነው፤ ነገ መርሴዲሷ መንገድ ላይ ብትቆም ተታለልኩ ብሎ ሊከስ አይችልም።

ሮማዊው ፈላስፋ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ነውር ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰው ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን መዋሸት እንጂ ዝም ማለት ማታለል አይደለም ይላል። አንቲፓጥሮስ ደግሞ ሰው አውቆ ባልንጀራውን ወደ ስሕተት ሲገባ ዝም ብሎ ማየቱ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ አለማሳየት ነው ባይ ነው፤ ሲሴሮም ለእሱ ያደላል። ያረጀ የቅንጦት መኪና ይህን ክርክር ያከረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወጣው ኢ-ክላስ መርሴዲስ በመጀመሪያ ዓመታቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የፍሬን ፓምፕ ነበረው። ፓምፑ ፍሬን የተረገጠበትን እየቆጠረ፣ የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ለውጡኝ ብሎ በዳሽቦርድ ላይ ያስጠነቅቃል። ኩባንያው በ2004 ከዚሁ ፍሬን ጋር በተያያዘ ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ በኋላም ይህን ፍሬን ከሞዴሉ አውጥቶታል። እንግዲህ ባለቤቱ ባለፈው ወር ማስጠንቀቂያውን አይቶ በኮምፒውተር አስጠፍቶት ከሆነ፣ «ፍሬኗ ይይዛል» ቢል ዛሬ አልዋሸም። ኪሎ ሜትር አስመልሶ መሸጥ ውሸት መሆኑን የሚክድ የለም። ይህኛው ግን እውነት እየተናገሩ ማሳሳት ስለሆነ ለራስ ይቅርታ ለማድረግ ይቀላል፤ ያስፈራኝም ለዚህ ነው።

ገዥ ሜካኒክ ይዞ ይምጣ የሚል መልስ ይሰማል። ይምጣ፤ ግን ሜካኒክ የሚያየው መኪናዋ ዛሬ ያለችበትን ነው። ሞተሯ አንድ ጊዜ ክፉኛ ሞቆ እንደነበር፣ የአየር ሞላዋ ሌሊት ሌሊት እየወረደች እንደምታድር የሚያውቀው አብሯት የኖረው ነው። ዋጋው ራሱ ይናገራል የሚሉም አሉ። ዋጋው የሚናገረው ግን ስለ ሞዴሉ በጠቅላላው ነው። መለዋወጫው እንደሚወደድ፣ ያረጀ መርሴዲስ ወጪ እንደሚያበዛ አገር ያውቃል፤ ያቺ አንዲት መኪና የደበቀችው ግን በዋጋው ውስጥ የለም።

ግዴታው ወሰን አለው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩይናስ ሻጭ የተሰወረውን ነውር ይናገር፣ ዓይን የሚያየውን ግን፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው፣ ዋጋውን እስካስተካከለ ድረስ መናገር የለበትም ብሏል። ያለቀ ወንበርና የነተበ ቀለም እንደዚያ ፈረስ ናቸው። አኩይናስ ስለ ገበያ ወሬም ለዘብ ይላል፤ ሌሎች እህል ጭነው እንደሚመጡ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ባይናገር ፍትሕ አላጓደለም፣ ቢናገር ግን ደግነቱ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲደርስ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ሰው ዝም ብሎ ቢለውጥ አልፈርድበትም። ወሬው ስለ ገበያው እንጂ ስለሚያስረክባት መኪና አይደለምና።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ፣ ሁሉ በሚደብቅበት ገበያ እውነቱን የተናገረ ብቻውን ይከስራል የሚለው ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዥ ደህናውን ከበሰበሰው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ፣ ደህና መኪና ያለውም ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ይህ ስለ ሽያጭ ልክ ነው። በለውጥ ላይ ግን ቀድሞ የተናገረ ሰው በምላሹ የሚጠይቀው ነገር አለው። «የእኔዋ ዘይት ትበላለች፤ ያንተዋስ?» የሚል ሰው ጭማሪውን ብር በእውነት ላይ ተመሥርቶ ሊደራደር ነው፤ ሌላው ከተሸሸገም መሸሸጉ ራሱ ወሬ ነው። ከስሮም ቢሆን ግዴታው አይቀርለትም፤ ኪሳራው ግን እንደሚባለው አይከፋም።

የሚቀረው ደላላው ነው። ደላላ «ሞተሯ ያልተነካ» ሲል የመኪናዋን ታሪክ ስለማያውቅ አልዋሸም፤ ባለቤቱ ስላልተናገረ አልዋሸም፤ ወዲያኛውም ባለቤት እንዲሁ። ውሸቱ ተከፋፍሎ ማንም ዘንድ የሌለ ይመስላል። ነገር ግን ደላላው የተናገረው የላከውን ሰው ወክሎ ነው፤ የሚጠቀመውም ያው ሰው ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ አጠገቡ ቆሞ ያላረመ ለዋጭ፣ ቃሉን ራሱ እንደተናገረው ይቆጠርበታል፤ ለደላላው ኮሚሽን መክፈሉም ነጻ አያወጣውም።